ቦራ አልሸለትም ያለ ጊዜ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ብላችሁ አትቀበሉኝ፤ ላም የለበትም። ያለበት አንድ ውሻ፣ አንድ መቀስና ብዙ «እኔ አይደለሁም» ነው።

የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ግቢውን የሚጠብቅ ውሻ አለ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። ውሻው የአከራይዋ የእትዬ ብርነሽ ነው፤ የምታበላው፣ የምታጠጣው፣ ሲታመም የምትጨነቅለት ግን የሻረግ ናት። ቦራ ጸጉሩ ረጅም ነው፤ ጆሮ ግን የለውም። ጆሮዎቹ ገና ቡችላ ሳለ ተቆርጠዋል፤ የቀሩት ሁለት ጉጦች ናቸው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ቦራ አንገቱን አዘንብሎ መሄድ ጀመረ። የአጥር ሽቦ ቧጭሮት ኖሯል። ከግራ ጆሮው ጉጥ በታች ጸጉሩ ከደምና ከጭቃ ጋር ተያይዞ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጋግሯል። ይሸታል። የሻረግ የከብት ሐኪሙን ወርቅነህን ጠራችው። ወርቅነህ ጎንበስ ብሎ አየና አፍንጫውን ያዘ።

«ጸጉራም ውሻ አለ ሲሉት ይሞታል፤ ያሉት እውነት ነው» አለ። «ይሄ ከሥሩ እየተላ ነው። ጸጉሩ ይነሳና መድኃኒት ላፍስበት።»

«አንተው አደንዝዘህ አትሸልተውም?»

«በዚህ አቅሙ ባደነዝዘው የሚነቃ አይመስለኝም። አስሬ ልያዘው ብል ደግሞ ልቡ ትቆማለች፤ ሲንቀጠቀጥ አታይውም? አንቺን ያውቅሻል፤ አንቺ ሸልቺው። ቅዳሜ ጠዋት እመለሳለሁ። እስከዚያ ካልተሸለተ መምጣቴ ለማከም ሳይሆን ለመቅበር ነው።»

የሻረግ የፈለገችው እንግዲህ ይኸን ብቻ ነው፤ ከአንድ ውሻ አንገት ላይ አንድ እፍኝ ጸጉር መቁረጥ።

የግቢውን መቀስ ከጀርባዋ ደበቀች፤ ቅንጥብጣቢ ሥጋ በመዳፏ ያዘች፤ ድምፅዋን አለስልሳ ጠራችው። ቦራ መጣ። ሥጋውን አሸተተ። ድምፅዋን ይበልጥ አለሰለሰችው፤ ቦራ ወደኋላ አለ። መቀሱን ስታወጣ ከማገዶው ክምር ሥር ገብቶ ነበር።

«ውጣ ልሸልትህ» አለችው።

«አልሸለትም» አለ ቦራ።

«ትሞታለህ እኮ!»

«እሞታለሁ እንጂ መቀስ አላስጠጋም። ጆሮዬን ያሳጣኝ ማን ነው? ‹ጥፋቱ የኔ ነው› የሚል አንድ፣ አንድ ብቻ አምጪልኝና አንገቴን እሰጥሻለሁ። ከመቀሱ ጀምሪ፤ ደሜ ያለው በሱ አፍ ላይ ነበር።»

ቦራ እንቢ አለ፣ ጸጉሩ ቁስሉን ሸፈነ፣ ከጸጉሩ ሥር ቁስሉ ተላ።

የሻረግ መቀሱን ፊቷ አስቀመጠችው። «አንተ መቀስ፣ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› በልና ቦራ ይሸለትልኝ።»

«ወይ ጣጣ!» አለ መቀሱ። «እኔ ሁለት ምላጭ በአንድ ብሎን የታሰርኩ ድሃ ነኝ። ካልከፈቱኝ አልከፈትም፣ ካልዘጉኝ አልዘጋም። ጨርቅ ሲሰጡኝ ጨርቅ፣ ጆሮ ሲሰጡኝ ጆሮ እቆርጣለሁ። ያን ቀን የጨበጠኝ ጋሽ ተድላ ነው። እሱን ጠይቂው።»

መቀሱ በጋሽ ተድላ አላከከ፣ ቦራ እንቢ አለ፣ ጸጉሩ ቁስሉን ሸፈነ፣ ከጸጉሩ ሥር ቁስሉ ተላ።

ጋሽ ተድላ በሰፈሩ ኮርማ የሚያኮላሽ፣ የቡችላ ጆሮ የሚቆርጥ ሽማግሌ ነው። ደጁ ላይ ገመድ ሲፈትል አገኘችው።

«ጋሽ ተድላ፣ የቦራን ጆሮ የቆረጡት እርስዎ ነዎት። ይምጡና ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ይበሉት፤ ይሸለትልኝ።»

«ለውሻ?» ጋሽ ተድላ እስኪያስለው ሳቀ። «አርባ ዓመት ስቆርጥ ኮርማው አልከሰሰኝም፣ ሙክቱ አልከሰሰኝም፤ ዛሬ ውሻ ሊከሰኝ ነው? ጠበቃው አንቺ ነሽ?»

«ቁስሉ ተልቷል፣ ጋሼ።»

ሳቁን ተወ። ገመዱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ስሚኝ፣ የሻረግ። እኔ በጥሪ የምሄድ ሰው ነኝ። ሰው በር አንኳኩቼ ‹ጆሮ አላችሁ?› ብዬ አላውቅም። እትዬ ብርነሽ ‹ና› አለችኝ፣ መጣሁ። ‹ቁረጥ› አለችኝ፣ ቆረጥኩ። ‹ጠላ ጠጣ› አለችኝ፣ ጠጣሁ። እሷን ጠይቂያት።»

ጋሽ ተድላ በእትዬ ብርነሽ አላከከ፣ መቀሱ በጋሽ ተድላ አላከከ፣ ቦራ እንቢ አለ፣ ጸጉሩ ቁስሉን ሸፈነ፣ ከጸጉሩ ሥር ቁስሉ ተላ።

እትዬ ብርነሽ በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅማለች። የሻረግ ቆማ ነገረቻት። እትዬ ብርነሽ ከሰፌዱ ቀና አላለችም።

«እሰይ! ተከራይ አከራይዋን ልትመረምር መጣች። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ውሻው የማን ነው?»

«የርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ጆሮው የማን ነው?»

«የሱ ነበር» አለች የሻረግ።

እትዬ ብርነሽ እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «አፍ አውጥተሻል። እኔ ከመሬት ተነስቼ አላስቆረጥኩም። ባሻ ደምሴ ናቸው ‹ጆሮ ያለው ውሻ እንቅልፋም ነው፤ አስቆርጪና ጠብሰሽ ለራሱ አብይው፣ ቁጡ ይሆናል› ያሉኝ። አንድ ብቻዋን የምትኖር ሴት ትልቅ ሰው ሲመክራት ምን ታድርግ? ምክር መስማት ኃጢአት ሆነ? እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

እትዬ ብርነሽ በባሻ ደምሴ አላከከች፣ ጋሽ ተድላ በእትዬ ብርነሽ አላከከ፣ መቀሱ በጋሽ ተድላ አላከከ፣ ቦራ እንቢ አለ፣ ጸጉሩ ቁስሉን ሸፈነ፣ ከጸጉሩ ሥር ቁስሉ ተላ።

ባሻ ደምሴ ጎረቤት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ክርናቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው የሚያልፈውን ሁሉ ይመክራሉ።

«ባሻ፣ እትዬ ብርነሽን የመከሩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«መከርኩ። ምክሬ መች መሬት ወድቆ ያውቃል?»

«እንግዲያው ለቦራ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ይበሉልኝ።»

«ኧረ በሥላሴ! የምን ጥፋት? እኔ ከሞት ነው ያዳንኩት። ጅብ ውሻን የሚይዘው በጆሮው ነው። ጆሮ ከሌለው በምን ይይዘዋል? ይኸን አባቴ ነገረኝ፤ ለአባቴም አያቴ ነገረው።»

«ጅብ በጆሮ ሲይዝ በዓይንዎ አይተዋል?»

«እኔ? ከጅብ ጋር ስውል መች አገኘሽኝ?» አሉ ባሻ ተቆጥተው። «ሰው ያየውን ብቻ ይምከር ካልሽ፣ አገሩ ሁሉ ዝም ሊል ነው። ጅብ ባይኖር እኔም አልመክርም ነበር። ሂጂ ጅቡን ጠይቂው! ከተመለስሽ ደግሞ መልሱን ንገሪኝ።»

ባሻ ደምሴ በጅብ አላከኩ፣ እትዬ ብርነሽ በባሻ ደምሴ አላከከች፣ ጋሽ ተድላ በእትዬ ብርነሽ አላከከ፣ መቀሱ በጋሽ ተድላ አላከከ፣ ቦራ እንቢ አለ፣ ጸጉሩ ቁስሉን ሸፈነ፣ ከጸጉሩ ሥር ቁስሉ ተላ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የሻረግ ከሰፈሩ በታች ወዳለው ሸለቆ ወረደች። ጅቡ ከዋሻው አፍ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«አያ ጅቦ፣ ጆሮው በአንተ ምክንያት የተቆረጠ ውሻ አለ። ‹ጥፋቱ የኔ ነው› በልልኝ።»

«ደግሞ ጆሮ!» አለ ጅቡ። «አህያ ቢጠፋ ጅብ፣ ጥጃ ገደል ቢገባ ጅብ፣ ሌባ በግ ቢነዳ ጅብ። ለመሆኑ ጆሮ ምን ሥጋ አለው? እኔ ውሻ የምይዘው በጉሮሮው ነው። ጉሮሮውን የቆረጠለት ሰው ግን የለም።»

በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ሳቁ እንደምታውቁት ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ዓይኑን ገለጠ።

«አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ቡችላ ይሮጣል፣ ይናከሳል። እየሮጠ ጆሮው አይቆረጥም። ማን ያዘው?»

የሻረግ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ቀላል ጥያቄ እኮ ነው። ተድላ በአንድ እጁ መቀስ፣ በአንድ እጁ ጆሮ ይዟል። ሦስተኛ እጅ አልተፈጠረለትም። ብርነሽ በረንዳ ላይ ናት። ደምሴ ከአጥር ወዲያ ነው። ቡችላውን ጭን ላይ አስቀምጦ የያዘው ማን ነው? ወደ ዋሻዬ ከመምጣትሽ በፊት እሱን ብትጠይቂ ይቀርብሽ ነበር።»

ጅቡ በያዡ አላከከ፣ ባሻ ደምሴ በጅብ አላከኩ፣ እትዬ ብርነሽ በባሻ ደምሴ አላከከች፣ ጋሽ ተድላ በእትዬ ብርነሽ አላከከ፣ መቀሱ በጋሽ ተድላ አላከከ፣ ቦራ እንቢ አለ፣ ጸጉሩ ቁስሉን ሸፈነ፣ ከጸጉሩ ሥር ቁስሉ ተላ።

የሻረግ አቀበቱን ግማሽ ከወጣች በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ሌላ የምታየው አልነበራትም።

«እናንተ ናችሁ የያዛችሁት» አለቻቸው።

«እኛ ነን» አሉ እጆቿ። «ግን በጉልበት አልያዝነውም። እንደ ዓሣ ተሙለጭልጮ አምልጦን በሩ ድረስ ሮጦ ነበር። ማን መለሰው? ምላስሽ ጠራው፣ መጣ። ምላስሽ አባበለው፣ መንቀጥቀጡን ትቶ አፍንጫውን ክንድሽ ውስጥ ቀበረ። ጋሽ ተድላ የቆረጠው ያኔ ነው። ጆሮው ተጠብሶ ሲመጣም ከእኛ መዳፍ በላ፤ ‹ብላ› ያለው ግን ምላስሽ ነው። ደሙ እየፈሰሰ ጅራቱን ቆላልሽ። ምላስሽን ጠይቂው።»

እጆቿ በምላሷ አላከኩ፣ ጅቡ በያዡ አላከከ፣ ባሻ ደምሴ በጅብ አላከኩ፣ እትዬ ብርነሽ በባሻ ደምሴ አላከከች፣ ጋሽ ተድላ በእትዬ ብርነሽ አላከከ፣ መቀሱ በጋሽ ተድላ አላከከ፣ ቦራ እንቢ አለ፣ ጸጉሩ ቁስሉን ሸፈነ፣ ከጸጉሩ ሥር ቁስሉ ተላ።

ምላስ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ብቻ ነው፤ ጥርስ ደግሞ ያን ቀን ምንም አላለም።

«የማላክክበት የለኝም» አለ። «‹አይዞህ ቦራዬ፣ እኔ አለሁልህ› ያልኩት እኔ ነኝ። ሊቆርጡት እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያልኩት። ‹እትዬ፣ ይኼ ነገር ይቅር› ማለት እችል ነበር። ከቤት ታስወጣኛለች ብዬ ፈራሁ። ለእሷ ‹ይቅር› ማለት ከበደኝ፤ ለእሱ ‹አይዞህ› ማለት ቀለለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የሻረግ ከድንጋዩ ተነሳች። «በል እንሂድ፤ ይኸንኑ ለቦራ ንገረው።»

«እኔ ብነግረው መች ያምነኛል? ያን ቀን የነገርኩትም እኔው ነኝ» አለ ምላስ። «ከዚያ ወዲህ ‹ላጥብህ› ስለው፣ ‹ላበጥርህ› ስለው፣ እንደዚያን ቀን አለስልሼ ነው የምጠራው። ባለሰለስኩ ቁጥር ሲርቅ አላየሽም? መቀሱ እኮ ገና ሳይወጣ ነው የሚሸሸው። የሚፈራው እኔን ነው። ሌላ የምሰጠው የለኝም፤ ዝም ልበልለት።»

ምላስ ዝም አለ።

የሻረግ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ግቢው ገባች፤ ከማገዶው ክምር ትንሽ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለቦራ ጎኗን ሰጠችው እንጂ ፊቷን አላዞረችበትም። መቀሱን ከፍታ ፊት ለፊት አፈር ላይ አስቀመጠችው፤ አጠገቡ ቅንጥብጣቢ ሥጋ። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋች። አልጠራችውም።

ባሻ ደምሴ አጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «የሻረግ! ጅቡ ምን አለ?»

ዝም።

«ያዢው እንጂ! ወጥረሽ ካልያዝሽው ውሻ ይሸለታል?»

ዝም።

«ምላስሽን ጅቡ አስቀረው እንዴ?»

ዝም። ምክር መልስ ካላገኘ ይደክማል። ባሻ ክርናቸውን ከአጥሩ አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እትዬ ብርነሽ ከበረንዳዋ ወረደች። «አባብይው እንጂ! እንዲህ ተጎልተሽ ልትውይ ነው? ጋሽ ተድላን ልጥራልሽ?» ብላ ወደ አጥሩ ዞረች። እንደ ልማዷ የባሻን ምክር ልትሰማ ነበር። አጥሩ ላይ ማንም የለም። መካሪ ስታጣ እግሯ ከበራፉ አላልፍ አለ፤ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ጋሽ ተድላ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ በደጅ አለፈ። ስላልተጠራ አልገባም። ጋሽ ተድላ ስላልገባ መቀሱን የጨበጠው የለም። መቀሱ እንደ ማንኛውም ብረት አፈር ላይ ተጋድሞ ዋለ።

አርብ ጠዋት ቦራ ወጣ። ሥጋውን በላ። መቀሱን አሸተተና አስነጠሰው። የሻረግ እጇን ሰዳ መቀሱን አንድ ጊዜ ዘጋችው፤ ቀጭ። ቦራ ሦስት እርምጃ ሸሸ። ሌላ ሥጋ አስቀመጠች። ተመለሰ። ቀጭ። ሁለት እርምጃ ሸሸ። ሥጋ። ቀጭ። አንድ እርምጃ። ከሰዓት በኋላ መቀሱ ቀጭ ሲል ቦራ ሥጋው የት አለ ብሎ መሬቱን ያሸት ነበር።

ከዚያ ጀርባውን ነካችው። ሲንቀጠቀጥ እጇን አነሳች። ደግማ ነካችው፤ ሲንቀጠቀጥ አነሳች። ሃያ ጊዜ ይሁን ሠላሳ ጊዜ አላወቀችም። እጅ ሲፈሩት የሚነሳ ነገር መሆኑን ቦራ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረው ያን ቀን ነው። «አይዞህ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ጉሮሮዋ ድረስ እንደመጣባት እሷ ብቻ ታውቃለች። ዋጠችው።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ቦራ ራሱ መጣ። አጠገቧ ተጋደመ። አንገቱን አፈሩ ላይ ዘረጋ።

ምላስ ዝም አለ፤ ምላስ ዝም ቢል እጆች መያዝ ተዉ፤ እጆች መያዝ ቢተዉ ጅቡ በስሙ መነገዱ ቀረለት፤ የጅብ ስም ቢቀር ባሻ ደምሴ ምክር አጡ፤ ባሻ ምክር ቢያጡ እትዬ ብርነሽ ሰው አልጠራችም፤ እትዬ ባትጠራ ጋሽ ተድላ አልመጣም፤ ጋሽ ተድላ ባይመጣ መቀሱ ያለ ደም ዋለ፤ መቀሱ ያለ ደም ቢውል ቦራ እንቢታውን ተወ፤ ጸጉሩም ወረደ፣ ቁስሉም ተገለጠ።

ጸጉሩ አንድ እፍኝ አልነበረም፤ ሦስት እፍኝ ሆነ። ከሥሩ ያለውን ሳልነግራችሁ ልለፍ። የሻረግ ግን አላለፈችውም። ጉጡ ጋ ስትደርስ ቦራ ዓይኑን ጨፈነ። እሷም ያን አሮጌ ጠባሳ ዙሪያውን በጥንቃቄ ሸለተች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጸጉር ሥር ተሸፍኖ የኖረውን፣ ምላጩ የዞረበትን፣ ጠማማውን ሁሉ አየችው።

ወርቅነህ መጣ። መድኃኒቱን አፈሰሰ፤ ትሉ ረገፈ። ቦራ አቃሰተ እንጂ አልተነሳም።

«ተረፈ!» አለ ወርቅነህ እጁን እየታጠበ። «ተረፈ፣ አንቺ! ምን አድርገሽበት ነው? በይ አሁን አንድ ደግ ቃል ተናገሪው፤ እንዲህ ችሎልሽ!»

የሻረግ አፏን ከፈተች። ገና ድምፅ ሳይወጣ የቦራ ቆዳ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ተንዘፈዘፈ።

አፏን ዘጋች።

«ምነው?» አለ ወርቅነህ።

ራሷን ነቀነቀች።

ቦራ ዳነ፤ ብዙ ዓመትም ኖረ። በየወሩ መቀሱ ቀጭ ሲል ከየትም መጥቶ ይጋደማል፤ ትሸልተዋለች፣ ታበጥረዋለች፣ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች። ሰው ሁሉ «እንዲህ የሚታዘዝ ውሻ አይተን አናውቅም» ይላል። አርጅቶ ሊሞት ባጣጣረ ጊዜም የሻረግ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። አንገቱን እየዳሰሰች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ሸኘችው።

ተረቴ ይኸው ነው። መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም። ከአፍ የወጣ አይመለስም፤ ዳቦም አያብሰውም።